«31 ሺህ ማይል ብቻ ነው የሄደችው»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ገጽ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ያገለገሉ፣ ግን ብዙ ያልተነዱ ስፖርት መኪኖችን የሚመለከቱ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ (ከለንደን)

ሰላም ለአዘጋጆቹ። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ሸራዋ የሚከፈት መኪና ስፈልግ ቆይቼ አንዲት የ2008 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አገኘሁ። ሞተሯ 2.0 ሊትር ነው፤ የሄደችው 31,400 ማይል ብቻ። ሻጩ 5,800 ፓውንድ ይላል። የኤም ኦ ቲ (የብሪታንያ የመኪና ብቃት ምርመራ) ታሪኳን ከመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አውጥቼ ከታች ገልብጫለሁ። ለእኔ ደኅና ይመስለኛል፤ ጓደኛዬ ግን «መሀል ላይ የጠፋው ዓመት አላማረኝም» አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ሜይ 2011፦ 12,300 ማይል፣ አለፈች።
ሜይ 2012፦ 16,050፣ አለፈች።
ሜይ 2013፦ 19,600፣ አለፈች። ማሳሰቢያ፦ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ሊያልቁ ተቃርበዋል።
ሜይ 2014፦ 22,800፣ አለፈች።
ሜይ 2015፦ 25,200፣ አለፈች።
ሜይ 2016፦ 26,900፣ አለፈች። ማሳሰቢያ፦ የፍሬን ቱቦ ላይ ዝገት።
ጁላይ 2021፦ 27,350፣ ወደቀች። የኋላ ግራ ፍሬን ይዟል፤ የእጅ ፍሬን አቅም አንሷል፤ አንድ ጎማ ተሰነጣጥቋል። ከስድስት ቀን በኋላ በ27,352 አለፈች።
ጁላይ 2022፦ 28,400፣ አለፈች።
ጁላይ 2023፦ 29,700፣ አለፈች።
ጁላይ 2024፦ 30,600፣ አለፈች። ማሳሰቢያ፦ ከግራ በር ሥር ወደ ኋላ ጎማው በኩል ላሜራው ዝጓል፣ ግን ገና አልደከመም።
ጁላይ 2025፦ 31,250፣ አለፈች። ምንም ማሳሰቢያ የለም።

መልስ፦

ጓደኛዎ የጠረጠሩት ቦታ ልክ ነው። የእኛ ዓይን ግን ይበልጥ ያረፈው ምንም ነገር ባልተጻፈበት በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ወደዚያ እንመጣለን፤ መጀመሪያ ቁጥሩ ይታይ።

ብሪታንያ ውስጥ መኪና የመጀመሪያውን ኤም ኦ ቲ የሚያደርገው ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው፣ ከዚያ በየዓመቱ። ስለዚህ የ2008ቷ መኪና መዝገብ ከ2011 መጀመሩ ጤናማ ነው። ድረ ገጹ ታርጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ክፍያ የለውም፣ ከ2005 ወዲህ ያለውን ምርመራ ሁሉ ያሳያል። በየዓመቱ የጨመረችውን ማይል ቀንሰው ይጻፉት፦ 3,750፣ 3,550፣ 3,200፣ 2,400፣ 1,700። ከዚያ በአምስት ዓመት 450። ከዚያ በኋላ በግምት አንድ አንድ ሺህ። እንዲህ ቀስ እያለ የሚወርድ ቁጥር መኪናዋ ከዕለት ሥራ ወደ ቅዳሜና እሑድ፣ ከዚያም ወደ ጋራዥ ጥግ እንደተገፋች ነው የሚያሳየው። የሚያስፈራው በዓመት 9 ሺህና 10 ሺህ ስትሄድ ቆይታ በድንገት 800፣ 800፣ 800 የምትል መኪና ናት፤ ያቺ በየምርመራው ዋዜማ ቆጣሪዋ የሚመለስላት ልትሆን ትችላለች። የእርስዎ እንደዚያ አትመስልም። 31,400 እውነተኛ ቁጥር ነው ብለን እናምናለን።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ከ2008 እስከ 2011 ያሉት ሦስት ዓመታት በኤም ኦ ቲ መዝገብ ውስጥ የሉም። በሊዝ ወጥቶ በሦስት ዓመት 60 ሺህ ማይል የሄደ መኪና ቆጣሪው ከመጀመሪያው ምርመራ በፊት ከተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ ሁሉ እንከን የለሽ ሆኖ ይታያል። ይህን የሚሸፍነው የሰርቪስ ደብተሩ ብቻ ነው። የ2009ንና የ2010ን ማኅተም ከማይሉ ጋር ያሳዩኝ ይበሉ፤ ከ12,300 በታች ሆኖ በቅደም ተከተል መውጣት አለበት።

አሁን ወደ ጎደሉት ዓመታት። የ2016ቱ ምርመራ ያበቃው ሜይ 2017 ላይ ነው፤ ቀጣዩ ጁላይ 2021። በኮሮና ጊዜ ከ2020 ማርች 30 እስከ ጁላይ 31 ጊዜው ለሚያልፍ ምርመራ ስድስት ወር ተጨምሮ ነበር፤ ብዙ ሻጮች የማንኛውንም ዓመት ክፍተት በኮሮና ያመካኛሉ። የዚህችኛዋ ክፍተት የጀመረው ከኮሮና ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ስለሆነ ያ ምክንያት አይሠራም። ሕጋዊው ማብራሪያ «ሶርን» የሚባለው ነው፤ ባለቤቱ መኪናዬ መንገድ ላይ አትወጣም ብሎ ያስመዘግባል፣ ግብርም ኤም ኦ ቲም አይጠየቅባትም። ለሻጩ የሚቀርብለት ጥያቄ አጭር ነው፦ አምስት ዓመት የት ነበረች? ደረቅ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ግቢ ውስጥ ሳር ላይ፣ በፕላስቲክ ሸራ ተጠቅልላ ከነበረ ሌላ ነው፤ ሳር ከሥር እርጥበት ያወጣል፣ ሸራው እርጥበቱን ይይዛል፣ ሻንሲዋ ከሁለቱ መሀል ይበስላል።

የ2021ዱ ውድቀት ራሱ ብዙ ይናገራል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ውኃ ይስባል፤ ስለዚህ ነው መኪናው ቢሄድም ባይሄድም በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ የሚባለው። አምስት ዓመት ሲቆም ውኃው የፍሬኑን ፒስተን ያዝጋል፣ ፍሬኑ የሚንሸራተትበት ፒን ቅባቱ ይደርቃል። በዚህች ማዝዳ የእጅ ፍሬኑ አሠራር ከኋላ ፍሬን ውስጥ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ነው የሚታመሙት፤ መዝገቡ ላይም ፍሬን መያዝና የእጅ ፍሬን መድከም ጎን ለጎን የተጻፉት ለዚያ ነው። በሁለቱ ምርመራዎች መካከል የተጨመረው ሁለት ማይል ነው። ያም ማለት የወደቀው ነገር ተጠግኖ ወዲያው ተመልሳለች። ምናልባት የተሠራው ያ ብቻ ነው። የ2021ን ደረሰኝ ይጠይቁ፦ የግራው ብቻ ነው ወይስ የቀኙም ፍሬን ተቀይሯል? (ሁለቱም በአንድ እርጥበት ውስጥ ነው የቆዩት።) የፍሬን ዘይቱስ? ጎማው አንድ ብቻ ወይስ አራቱም?

የጎማውን ጉዳይ ሻጩን ሳይጠይቁ ራሱ ጎማው ላይ ያነቡታል። ጎኑ ላይ «ዶት» የሚል ጽሑፍ ተከትሎ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2314 ማለት በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። አንዳንዴ አሃዙ የሚታየው በውስጥ በኩል ብቻ ስለሆነ መሪውን ዞር አድርገው በባትሪ መብራት ይዩ። ጥርሱ አምስት ሚሊሜትር ቢኖረውም አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ በዝናብ ቀን፣ ከኋላ በሚነዳ ቀላል መኪና ላይ አይታመንም። የአራት ጎማ ዋጋ ከ5,800ው ላይ ይቀነስ።

እንግዲህ ወደ 2025። በ2024 ከግራ በር ሥር ዝገት ተጽፏል። በዓመቱ የለም። ዝገት ተኝቶ አይድንም፤ ከሦስት አንዱ ሆኗል። ላሜራው ተቆርጦ ተበይዷል፣ ወይም በጥቁር መከላከያ ቅባት ተሸፍኗል፣ ወይም ሁለተኛው መርማሪ አላየውም ወይም ሊጽፈው አልፈለገም። የመጀመሪያው ከሆነ ደረሰኝና ፎቶ ይኖራል። ሁለተኛው ከሆነ መርማሪውን መውቀስ አይቻልም፤ ኤም ኦ ቲ የሚደረገው ምንም ሳይፈታ፣ ምንም ሳይፋቅ ነው።

ይህ የበሩ ሥር ሳጥን ላሜራ የኤምኤክስ-5 የታወቀ ደካማ ቦታ ነው፤ መነሻው ሸራው ነው። በሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከመቀመጫዎቹ ኋላ በግራና በቀኝ ባለች ቀዳዳ ገብቶ በቱቦ ወደ መሬት ይወርዳል። ዛፍ ሥር የቆመች መኪና ቀዳዳዋ በቅጠል ይደፈናል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይፈስና ላሜራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ቀለሙ ላይ አረፋ ሲታይ ውስጡ ቀድሞ አልቋል።

ስለዚህ መኪናዋን ሊያዩ ሲሄዱ ግማሽ ሊትር ውኃ፣ የእጅ ባትሪ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔትና እጀታው ፕላስቲክ የሆነ ጠመንጃ መፍቻ፣ ማለትም ተራ ካቻቢቴ፣ ይያዙ። ሸራውን ግማሽ ከፍተው ውኃውን በቀስታ ወደ አንዷ ቀዳዳ ያፍሱ፤ ከኋላ ጎማው ፊት ከመኪናዋ ሥር ወዲያው መንጠባጠብ አለበት። ካልወጣ ወይም ከበሩ ሥር ካረጠበ ቱቦው ተደፍኗል። ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ምንጣፍ በጣትዎ ተጭነው ያሽትቱ፤ የሻገተ ሽታ በአንድ ቀን ጽዳት አይጠፋም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ግራና ቀኙን ያወዳድሩ። በግራ በኩል ብቻ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቅባት ካለ መልሱን አግኝተዋል። በካቻቢቴው እጀታ ከፊት ወደ ኋላ ቀስ እያሉ መታ መታ ያድርጉ፦ ጤነኛ ላሜራ «ጠን» ይላል፣ የበሰበሰ ወይም በማስቲሽ የተሞላ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ማግኔቱ በጨርቁ እንደተጠቀለለ ጤነኛው ላይ ይይዛል፣ ማስቲሹ ላይ ይወድቃል።

በመጨረሻ ይንዷት። ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዲሆን አስቀድመው ይንገሩ፤ ሲደርሱ ኮፈኑ ላይ እጅዎን ያሳርፉ፤ ሞቆ ከጠበቀዎት የማስነሳት ችግር ተደብቆ ሊሆን ይችላል። 15 ደቂቃ ያህል ፍሬን ብዙ ሳይረግጡ ይንዱ፣ ይቁሙ፣ መዳፍዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ። ዲስኩን አይንኩ፤ ያቃጥላል። አራቱ ተቀራራቢ ሙቀት ካላቸው ደኅና ነው። አንዱ፣ በተለይ የኋላው ግራ፣ ከርቀት የሚያጋይ ከሆነ የ2021ዱ በሽታ አልዳነም።

ውስጧ ከ31 ሺህ ማይል ጋር መስማማት አለበት፦ የመሪው ቆዳ ገና ሸካራ፣ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ መስመሮቹ ያልጠፉ፣ የነጂው መቀመጫ የበሩ በኩል ጠርዙ ያልተሰነጠቀ። መሪው እንደ መስተዋት ከለሰለሰ ቁጥሩን እንደገና እንጠራጠር።

ሊብሬውን፣ ማለትም ቪ ፋይቭ ሲ የሚባለውን፣ ሲያሳይዎት ሁለት ነገር ያድርጉ። በላዩ ያለውን 11 አሃዝ ቁጥር በኤም ኦ ቲ ታሪኩ ገጽ ላይ ሲያስገቡ እያንዳንዱ ምርመራ በየትኛው ጋራዥ እንደተደረገ ይታያል፤ «አንድ ባለቤት፣ ከብሮምሊ ወጥታ አታውቅም» የተባለች መኪና ግላስጎው ተመርምራ ቢያገኟት ጥያቄ ነው። ሌላው፣ የመንግሥቱ የግብር መፈተሻ ገጽ የመጨረሻው ሊብሬ የወጣበትን ቀን ያሳያል። ከሁለት ወር በፊት ከሆነ ሰውዬው ለብዙ ዓመት የነዳት ባለቤት ላይሆን ይችላል፤ ገዝቶ የሚሸጥ ደላላ ሊሆን ስለሚችል ይጠይቁት። በዚያው ቁጭታ ከ10 እስከ 20 ፓውንድ ገደማ የሚያስከፍለውን የግል ታሪክ ምርመራ ያሠሩ፤ የመንግሥቱ ገጽ ያልተከፈለ ብድርንና በኢንሹራንስ «ተሰብሯል» ተብሎ መመዝገብን አይነግርዎትም። ከ2017 ኦክቶበር ወዲህ ተጠግነው መንገድ የሚመለሱት በኤስ (ሻንሲው የተጎዳ) እና በኤን (ሻንሲው ያልተጎዳ) ይመደባሉ። የአየር ከረጢት ጥሪም (አምራቹ ለጥገና መኪና የሚጠራበትን) ይጠይቁ፤ ታካታ የሚባለው ኩባንያ በሠራው ጉድለት ያለበት የአየር ከረጢት ምክንያት መኪና ከጠሩት አምራቾች አንዱ ማዝዳ ነው፤ በሻንሲ ቁጥሩ ይጣራል።

ደረሰኝ ካለ በጥሩ ዋጋ ጥሩ መኪና ናት። የ2024ቱ ዝገት የት እንደገባ ማስረዳት ካልቻለ ግን በ5,800 አንገዛትም፤ የበር ሥር ብየዳ በሁለቱም በኩል ከተጀመረ ከመኪናዋ ዋጋ ሩቡን ሊወስድ ይችላል።

ጥያቄ፦ (ከሊድስ)

የማያት ቶዮታ ኤም አር ቱ በ2014 ምርመራ 48,120፣ በ2015 ደግሞ 84,900፣ በ2016 ተመልሶ 50,300 ይላል። ቆጣሪው ተመልሷል ማለት ነው?

መልስ፦

አይመስለንም። 84 እና 48ን ያስተያዩ፤ መርማሪው 48,900 ሊጽፍ ሲል አሃዙን አገላብጦታል። ከፊትና ከኋላ ያሉት ቁጥሮች ቀጥ ባለ መስመር ላይ ከሆኑና መሀል ላይ አንዱ ብቻ ከዘለለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጣት ስህተት ነው። የተመለሰ ቆጣሪ ግን ይወርድና እዚያው ታች ሆኖ ይቀጥላል፦ 61,000፣ 68,000፣ ከዚያ 32,000፣ 34,500፣ 36,000።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ከጃፓን ያገለገለ ሆኖ የገባ መኪና ቆጣሪው በኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ጋራዥ 80,500 ኪሎ ሜትር ብሎ ይመዘግባል፣ ቀጣዩ ቆጣሪው ወደ ማይል ተቀይሮ 50,900 ያነባል። ትልቁን ቁጥር ለ1.609 ያካፍሉ፤ ከትንሹ ጋር ከተቀራረበ ምስጢሩ ያ ነው።

ስህተቱን ማስተካከል የባለቤቱ ሥራ ነው። ምርመራው 28 ቀን ካላለፈው መርማሪው ጋራዥ ራሱ ያርመዋል፤ ካለፈ ደግሞ የተሽከርካሪ ደረጃዎች ኤጀንሲው (ዲ ቪ ኤስ ኤ) በሰርቪስ ደረሰኝና በሌላ ማስረጃ ያርማል። «ስህተት ነው» እያለ ለአሥር ዓመት ያላሳረመ ሻጭ ሰነፍ ሊሆን ይችላል፤ ግን እርስዎ ነገ ስትሸጡ ያው ጥያቄ ይመጣብዎታል፣ ስለዚህ ሳይከፍሉ ያሳርመው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፦ ብሪታንያ ውስጥ የቆጣሪን ቁጥር መለወጥ በራሱ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ያንን ደብቆ መሸጥ ነው።

ጥያቄ፦ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የእንግሊዝ አገር ዘመዶቼ ታርጋ አስገብተው የመኪናውን ሙሉ የምርመራ ታሪክ ያያሉ። እኛስ? ሜሪላንድ ውስጥ 27,000 ማይል የሄደች የ2004 ፖርሼ ቦክስተር አይቻለሁ፤ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ማይሉ «ኤግዘምፕት» (ከግዴታ ነጻ) ይላል።

መልስ፦

እንዲህ ያለ አንድ መዝገብ አሜሪካ የላትም፤ ምርመራው የየስቴቱ ስለሆነ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ፍተሻ አላት። ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲቀይር ታስፈትሻለች፤ ሠርተፍኬቱ የሚያገለግለው ለ90 ቀን፣ መኪናውም ከዚያ ወዲህ ከ1,000 ማይል በታች ከሄደ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2009 የግል መኪኖችን የደኅንነት ፍተሻ አቁማ የጭስ ምርመራውን ብቻ አስቀርታለች። በሦስቱ መካከል የተዘዋወረ መኪና ታሪኩ በሦስት ቦታ ተበታትኗል። ካርፋክስና መሰሎቹ የመኪና ታሪክ የሚሸጡ ኩባንያዎች የደረሳቸውን ይሰበስባሉ፤ ያልደረሳቸውን ግን አያውቁም። ርካሹ የፌዴራሉ የታይትል መረጃ ሥርዓት ሪፖርት ነው፤ ታይትሉ ጎርፍ ወይም ሳልቬጅ (ክፉኛ የተጎዳ) ተብሎ ያውቅ እንደሆነ ይነግራል።

«ኤግዘምፕት» የሚለው ቃል አያስደንግጥዎት፣ አያረጋጋዎትም። በፌዴራሉ ደንብ የ2010 ሞዴልና ከዚያ በፊት ያሉ መኪኖች ሻጭ ማይሉን በፊርማ የማረጋገጥ ግዴታ የለበትም፤ ከ2011 ሞዴል ጀምሮ ግን ግዴታው ለ20 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ 27,000 የሚለውን የሚያረጋግጥልዎ የዘይት ቅየራ ደረሰኝ ክምር ነው፣ ቀንና ማይል ያለበት።

ያ ክምር በዚህች መኪና ላይ ሌላም ሥራ አለው። የ2004 ቦክስተር ሞተር መካከለኛ ዘንግ አለው፤ በካምቢዮው በኩል ያለውን ጫፉን የያዘው አንዲት የተደፈነች ኩሽኔታ ናት፣ መካኒኮች አይ ኤም ኤስ የሚሏት። ሙቅ ዘይት በሽፋኗ ሾልኮ ገብቶ የራሷን ቅባት ያጥባል፣ ከዚያ ውስጧ ያረጀ ዘይት ይዛ ትቀራለች። አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ፣ ዘይቷ በአራት ዓመት አንዴ የሚቀየር መኪና ዘይቷ ውኃና አሲድ ይይዛል፤ ኩሽኔታዋን የሚበላው ያ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መሄድ አይጠብቅም፤ በየዓመቱ ዘይት ካልተቀየረ ይጎዳል። ኩሽኔታዋ ስትሰበር የሰንሰለቱ ጊዜ ይዛባል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩ ያበቃል።

ስለዚህ ሻጩ ከፈቀደ ዘይቱን ያስቀይሩና የወረቀት ማጣሪያው ተቆርጦ እንደ አኮርዲዮን ይዘርጋ። በእጥፋቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ማግኔት ያስጠጉበት፤ ከያዘ ብረቱ ከኩሽኔታ ሊሆን ይችላልና ከዚያች መኪና ይራቁ። ቡናማ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ከሰንሰለቱ መምሪያ ነው፤ ጥቂት ከሆነ አያስፈራም። ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነ ኩሽኔታዋ ካምቢዮው ሲወርድ ስለምትወጣ ከፍሪሲዮኑ ጋር አንድ ላይ ትቀየር፤ የጉልበት ዋጋ አንዴ ነው የሚከፍሉት። (ከ2006 እስከ 2008 ባሉት ላይ ትልቅ ኩሽኔታ ስለገባ ሞተሩ ሳይከፈት አትወጣም፤ ከ2009 በኋላ ዘንጉ ራሱ የለም።)

አሌክሳንድሪያ የጭስ ምርመራ ክልል ውስጥ ስለሆነ የሃያ፣ ሠላሳ ዶላር የብልሽት ኮድ ማንበቢያም ይዘው ይሂዱ። ኮድ አለመኖሩ ብቻ አይበቃም፤ «ሞኒተሮቹ» (የመኪናዋ ኮምፒውተር የራሱ መፈተሻዎች) ዝግጁ ናቸው ወይ ብለው ይዩ። ዝግጁ ካልሆኑ ወይ ባትሪዋ ሞቶ ነበር፣ ወይ ሻጩ ዛሬ ጠዋት ኮዱን አጥፍቶታል።

ጥያቄ፦ (ከፍራንክፈርት)

ጀርመን ውስጥ ቲዩፍ (የአገሩ የመኪና ምርመራ) ላይ የተጻፈውን ማይል የማይበት ድረ ገጽ አለ?

መልስ፦

ለሕዝብ ክፍት የሆነ የለም። ግን እያንዳንዱ የምርመራ ወረቀት የኪሎ ሜትሩን ንባብ ይዟል፤ የመጀመሪያው በሦስት ዓመት፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ። ሻጩ የመጨረሻውን ብቻ ሳይሆን ያሉትን ሁሉ ወረቀቶች ያምጣ። መኪናው ከኔዘርላንድ የመጣ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ የዚያ አገር የተሽከርካሪ ባለሥልጣን (አር ዲ ደብሊው) ታርጋ ሲገባለት ኪሎ ሜትሩ «ሎጊስ» ወይም «ኦንሎጊስ»፣ ማለትም የሚታመን ወይም የማይታመን፣ ብሎ በነጻ ይፈርዳል።

ጥያቄ፦ (ከለንደን)

ትንሽ የሄደች ስፖርት መኪና እዚህ ገዝቼ ለወንድሜ አዲስ አበባ ብልክለት ያዋጣል?

መልስ፦

አይሆንም። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። መሪዋም በቀኝ በኩል ነው። ለወንድምዎ ሌላ ነገር ያስቡለት።

ጥያቄ፦ (ከበርሚንግሃም)

ሻጩ «አዲስ የ12 ወር ኤም ኦ ቲ አሠርቼ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ይህ ትልቅ ነገር አይደለም?

መልስ፦

ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የሚያየውን ለይተን እንወቅ። ኤም ኦ ቲ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ መብራት፣ ሞላና አሞርዛተር፣ ጭስ፣ ቀበቶና የሻንሲ ዝገት ያያል። የሞተሩን የውስጥ ጤና፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን አይነካም። ሞተሯ ነገ ልትነክስ የምትችል መኪና ዛሬ ልታልፍ ትችላለች።

ከ2018 ሜይ 20 ወዲህ ጉድለት በሦስት ይከፈላል፦ አደገኛ፣ ከባድ፣ ቀላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መኪናው ይወድቃል፤ በቀላሉ ግን ያልፋል። ከነዚህ ውጭ ማሳሰቢያ አለ። ስለዚህ «አለፈች» የሚለውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ያንብቡ። «ኒርሳይድ» በግራ፣ በእግረኛው መንገድ በኩል ማለት ነው፤ «ኦፍሳይድ» በቀኝ፣ በነጂው በኩል። የአንድ ጎን ጎማ ውስጠኛ ጠርዝ በየዓመቱ «ተበልቷል» እየተባለ ከተደጋገመ ጎማ መቀየር አይፈውሰውም፤ የተጣመመ ወይም ያረጀ የእግር ክንድ ሊኖር ይችላል።

ለሻጩ እንዲህ ይበሉት፦ ምርመራውን እኔ በመረጥኩት ቦታ እናድርገው፣ እኔ እከፍላለሁ። ለመኪና የሚጠየቀው ከፍተኛ ክፍያ 54.85 ፓውንድ ነው። ማዘጋጃ ቤቶች የራሳቸውን አውቶቡስና የቆሻሻ መኪና የሚመረምሩባቸው ጣቢያዎች ለሕዝብም ክፍት ናቸው፤ እነሱ ጥገና ስለማይሠሩ መኪናዋን መጣልም ማሳለፍም ጥቅም የለውም። ብዙዎቹ ውስጥ ከመስታወት ኋላ ወይም ከቢጫው መስመር ጀርባ ቆሞ ማየት ይቻላል። መኪናዋ ሊፍት ላይ ስትወጣ መርማሪው መብራቱን የሚያቆይበትን ቦታ ይከተሉ።

ሻጩ ቀኑን እየገፋ «ጓደኛዬ ጋ ጋራዥ አለ፣ እዚያ ይሻላል» ካለ፣ ወረቀቱ ሲመጣ ድረ ገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት አይክፈሉ። ውጤቱ የሚገባው በዚያው ቀን ነው።